ሐያት ያልነካችው እንቁላል

ቅዳሜ ጠዋት ከልጄ ከሐያት ጋር ከአየር ጤና በሚኒባስ ተነሣን። የምንሄደው እምድብር፣ ታላቅ እህቴ ዘይነባ ዘንድ ነው። ባለፈው ሳምንት ቤቴል ያለ ክሊኒክ ወስጃት ሐኪሙ፣ «ደሟ አንሷል፤ ቤት ውስጥ ምን ትበላለች?» ሲለኝ፣ «እኛ የምንበላውን፣» አልኩት። ስምንት ዓመቷ ነው፤ ደረጃ ስትወጣ መሀል ላይ ቆማ ታርፋለች። ጥፋተኛውን ለማግኘት ግን ጊዜ አልፈጀብኝም፤ አዲስ አበባ ናት። እኛ ሰፈር፣ ኮልፌ፣ በየሱቁ ደጃፍ ብስኩትና ከረሜላ እንደ መጋረጃ ተንጠልጥሏል። በትንሽ ከተማ ልጅ እንዴት እንደሚበላ ላሳያት፣ አይቼም ልጽፍላችሁ ነበር መንገዴ።

ወሊሶ

ሰበታንና ቱሉ ቦሎን አልፈን፣ የደረሰ ጤፍ በግራ በቀኝ እያየን ለምሳ ወሊሶ ወረድን። አንድ የሙስሊም ምግብ ቤት ገብተን ጥብስ አዘዝኩ። ዋጋው ከአየር ጤናው አያንስም። ከጎናችን ሁለት ልጆች የተጠበሰ ድንች በለስላሳ ያወራርዳሉ። አላስቻለኝም።

«እህቴ፣» አልኳት እናታቸውን፣ «ይሄ ምግብ አይደለም። ልጅ ሥጋ፣ እንቁላል፣ ጎመን ይፈልጋል።»

ሴትየዋ ትሪያችንን አየች፤ ቀጥላ ሐያትን።

«እሺ ጋሼ። የእርስዎዋስ ምን እየበላች ነው?»

«ጥብስ ነዋ!»

ሐያት እንጀራውን መረቅ እያስነካች ትበላ ነበር። ሴትየዋን ደፋር ብዬ ሒሳብ ከፍዬ ወጣሁ።

እምድብር

ወልቂጤ መኪና ቀይረን በእንሰቱ መሀል ወጣን። ስንወርድ መጀመሪያ ያየሁት ሱቅ ደጃፍ ላይ ያው የኮልፌው ብስኩት ተንጠልጥሏል። ከነገርኳችሁ ሐሳብ ግማሹ እዚያው ፈረሰ።

እህቴ ለእራት ቆጮ፣ ጎመን፣ አይብና የተቀቀለ እንቁላል አቀረበች። እንቁላሉን መጀመሪያ ለልጆቹ አደለች። ሐያት እጆቿን ጭኖቿ ሥር ከተተች።

«ብዪ እንጂ፣ የኔ ልጅ።»

«የአባቢ ነው።»

«የአባትሽማ ይመጣል።»

«አባቢ ሳይጠግብ አይነካም። እኛ የተረፈውን ነው የምንበላው።»

የእህቴ ልጅ ሙራድ አፉ እንደሞላ ሳቀ። «አዲስ አበባ እንቁላል የለም እንዴ?»

«አለ። አባቢ ይበላዋል።»

እያማረረች አልነበረም። እንደ ትምህርት ነው የተናገረችው፤ ያስተማርኳትም እኔ ነኝ። ልጅ ከታላቁ ቀድሞ እጁን ወደ ሥጋ አይሰድም ብዬ፤ ሥርዓት ብዬ።

እህቴ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አባታችንም ቀድሞ ይበላ ነበር። ግን ትዝ ይልሃል? ከሥጋው ሁልጊዜ ሆን ብሎ ያስተርፍልን ነበር። አንተ ታስተርፋለህ?»

የወሊሶዋ ሴት ያየችውን፣ ልጄ ከጥብሱ ሥጋ አለመንካቷን፣ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ አላየሁትም።

ወደ ቤት

እሑድ ስንመለስ ለማንም ምክር አልሰጠሁም። ወሊሶ ላይ ሚኒባሱ ሲቆም አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ። ስለ ልጆች አመጋገብ በትልቅ ከተማና በትንሽ ከተማ የምጽፈው ብዙ ነበር። የተማርኩት ግን አንድ ነው፤ የልጄን ደም ያሳነሰው ከተማው ሳይሆን ከአባቴ ሥርዓት ግማሹን ብቻ የወረስኩት እኔ ነኝ። መቅደሙን ያዝኩ፤ ማስተረፉን ጣልኩ።

ማታ ባለቤቴ እንቁላል ቀቀለች። ሳህኑን ወደ ሐያት ገፋሁት።

«ብዪ።»

እናቷን አየች፤ እኔን አየች።

«ጠገብክ?» አለችኝ።

«ጠግቤአለሁ፣» አልኩ። ገና እጄን እንኳ አልታጠብኩም ነበር።

ከሁሉም ትንሿን መርጣ አነሣች።