ለአማቴ ጠመንጃ ጥይት ፍለጋ

አማቴ ጠመንጃ ገዙ። የሸጠላቸው ዕቃውን ጠቅልሎ ወደ አገሩ የሚመለስ ግሪክ ነጋዴ ነው፤ እንደ ጨዋ ሰው ጥይት እንደሌላትም ሳይደብቅ ነግሯቸዋል። አማቴ ይህን እንደ ጉድለት አላዩትም። "ጠመንጃው ካለ ጥይቱ የት ይሄዳል?" አሉ። የት እንደሄደ እንዳጣራ የተላክሁት እኔ ነኝ።

ያን ጊዜ ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ጸሐፊ ነበርኩ፤ ልጃቸውን ካገባሁም ገና ዓመት አልሞላኝም። አማቴ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም፤ "አንተ ጸሐፊ" ነበር የሚሉኝ። እሳቸው በጦርነቱ ጊዜ ዘምተዋል። በየእሑዱ ምሳ ላይ ያንን ዘመቻ እንሰማለን፤ በየእሑዱም የሚወድቀው ጠላት ይበዛል። በጦርነቱ ከሞተው ይልቅ እኛ ቤት ምሳ ላይ ያለቀው ሳይበልጥ አይቀርም።

ጠመንጃዋ ያስፈለገችው ለዝንጀሮ ነው። በመልካ ጀብዱ መንገድ የፓፓያ አትክልት ነበራቸው፤ ከተራራው የሚወርዱት ዝንጀሮዎች ደግሞ የበሰለውን ከጥሬው በመለየት ከእኛ ይበልጡ ነበር። መሣሪያዋ ያረጀች፣ ቀጭን፣ አፈሙዟ ትንሿን ጣቴን እንኳ የማያስገባ ናት። ባለቤቴ "የልብስ መስቀያ ብትሆን ያምርባታል" ትል ነበር፤ አባቷ በሌሉበት።

መጀመሪያ የሄድኩት መጋላ ሰፈር፣ ከጅቡቲ በባቡር ጨርቅና መኮሮኒ የምታመላልስ አንዲት ሶማሌ ነጋዴ ዘንድ ነው። የአፈሙዟን ስፋት በጣቶቼ አሳየኋት።

"ወሪያ፣ ይሄ ጠመንጃ ነው ወይስ መርፌ?"

"ጠመንጃ ነው። የአማቴ ነው።"

"የአማት ከሆነማ መገኘት አለበት" አለች በሐዘኔታ።

ከመኮሮኒው ሥር ደብቃ ያመጣችልኝ ጥይት ካሮት ያህላል። ዝሆን ይጥላል፤ የአማቴ ጠመንጃ ውስጥ ግን ጫፉም አይገባም። መልሼ ስወስድላት ቅር አላላትም። "ጥይቱ ደህና ነው፤ አንተ ጠመንጃውን ቀይር" አለችኝ። ቢሆንም አልተወችኝም። ጀልዴሳ ካሉ ዘመዶቿ ዘንድ፣ ልጆች እንደ ፊሽካ የሚነፏቸው ጥቂት ባዶ ቀለሆች አገኘች። ልካቸው ቁርጥ የጠመንጃዋ ነበር። ልጆቹ ፊሽካቸውን ሲነጠቁ አልቅሰዋል አሉ፤ አማቴ ይህንንም ከድሎቻቸው ቆጠሩት።

ቀለሆቹን ከዚራ ሰፈር ወዳለ አንድ አርመን ሰዓት ሠሪ ወሰድኳቸው። ሰውየው ትርፍ ሰዓቱን ለአዳኞች ባሩድና እርሳስ እየሞላ ያሳልፋል። ሞልቶ ሲመልስልኝ፣ "ይተኩሳል፤ ወዴት እንደሚሄድ ግን ዋስ አልሆንም" አለኝ።

የተኩሱ ጧት ጎረቤት ሁሉ አትክልቱ ውስጥ ተሰበሰበ። ትልቁ ወንድ ዝንጀሮ የራሱ ርስት ይመስል ከፓፓያው ሥር ተደላድሎ ተቀምጧል። አማቴ ጥይቷን በአውራ ጣታቸው ገፍተው አጎረሱ። ጠመንጃዋን ወደ ትከሻቸው አነሡ። አወረዱ። ደግመው አነሡ። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ ሰው እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

"አንተ ጸሐፊ፣ የሚጨፈነው የትኛው ዓይን ነው?" አሉኝ።

ቀልድ መስሎኝ ቀና ስል ፊታቸው በላብ ርሷል።

"አባባ፣ ዘመቻው ላይ እኮ..."

"ዘመቻው ላይ በቅሎ ጫኝ ነበርኩ። በቅሎ ለመጫን ዓይን አይጨፈንም።"

እኔም በዕድሜዬ ከማኅተም በቀር የመታሁት ነገር የለም። ሆኖም እንደ አዋቂ ኮስተር ብዬ "ግራው ነው" አልኳቸው።

ግራውን ጨፈኑ፤ ቃታውን ሲስቡ ቀኙንም ጨመሩበት። ጭሱ ሲገለጥ ዝንጀሮው በሕይወት አለ፤ ጥይቷ የበጠሰችው ከራሱ በላይ የተንጠለጠለውን ትልቅ ፓፓያ ነው። ፓፓያው ፊቱ ዱብ ሲል ደንግጦ ፈቀቅ አለ፣ ዞሮ አየን፣ ተመለሰና ስጦታውን አቅፎ ያለ አንዳች ችኮላ ሄደ።

"ኧረ አቦ!" አለ አንድ ጎረቤታችን፤ "ይሄ ሁሉ ተደርጎለት አንድ ገለቶማ እንኳ አይልም?"

አማቴ ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ፤ የወጣው ግን ሳቅ ነው። መሬት ላይ ተቀምጠው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ባለቤቴ አባቷ ያመማቸው መስሏት ውኃ ይዛ ሮጠች።

ወደ ቤት ስንመለስ ጠመንጃዋን እኔ ተሸከምኩ፤ የሳቸው ትከሻ አብጧል። ሰዉ ቀድሞን ስለነበር ስለ በቅሎዎቹ ጠየቅኋቸው። ገደል አፋፍ ላይ ጭነቷን እንደያዘች ተንበርክካ ስለቀረች አንዲት ቡላ በቅሎ ነገሩኝ። አለቃቸው "ተዋት" ሲላቸው ጭነቷን በጀርባቸው ተሸክመው፣ እሷን በልመና እየጎተቱ አሻግረዋታል። "ኋላ በውኃ ጥም ሞተችብኝ" አሉና መንገዱን ማየት ጀመሩ።

ጠመንጃዋን ለአንድ የጀልዴሳ ሰው በፍየል ለወጧት። ፓፓያውንም ነቅለው ሎሚ ተከሉበት፤ ዝንጀሮዎቹ በዚህ በጣም አዝነውብናል።