ዳጉ የሚቆርጥ ስልክ

የበደለኝ ሰው ግርማ ይባላል። የበደለኝም ጡረታ ልወጣ አንድ ዓመት ሲቀረኝ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት የደንበኞች ጥሪ ማዕከል የፈረቃ ኃላፊ ነበርኩ፤ እሱ የኮምፒውተር ክፍሉ አለቃ። የአገልግሎት ሰዓት በተለወጠ ቁጥር ስልኩ ላይ የሚሰማውን አንዲት ዓረፍተ ነገር ለማስቀየር የእሱን ሰዎች ደጅ እንጠና ነበር። እነሱ እስኪመጡ ደንበኛው የትናንቱን ይሰማል፤ ስድቡን እኛ እንሰማለን። ሲመረኝ ቁጭ ብዬ አንድ ንድፍ ሠራሁ። የሚነገረው ቃል፣ የምርጫው ቁጥር፣ የጥሪው ደቂቃ ከፕሮግራሙ ሆድ ወጥተው በአንድ ገጽ ይቀመጡ፤ ገጹንም ስልክ የምታነሳዋ ሠራተኛ ራሷ ትቀይረው የሚል ነበር። ግርማ ንድፉን ተቀብሎ "ነገ ከነስምሽ ለአለቆች አቀርበዋለሁ" አለኝ። አቀረበው፤ ያለ ስሜ። ብዙም ሳይቆይ ሥራውን ለቆ በዚያው ንድፍ ድርጅት ከፈተ።

በቅርቡ ከሰመራ ተደወለልኝ። በገጠር የተበላሹ የውሃ ፓምፖችን የሚያስጠግን አንድ መሥሪያ ቤት የግርማን ሶፍትዌር ለጥሪ ማዕከሉ ገዝቷል። ርክክቡ ላይ ከሁለቱም ወገን ያልሆነ ባለሙያ መፈረም አለበት። "አቶ ግርማ ራሳቸው ናቸው እርስዎን የጠቆሙት" አሉኝ። ስልኩን ዘግቼ ብዙ አሰብኩ። ለምን እኔን? ሌባ የሰረቀውን ዕቃ ለባለቤቱ አሳይቶ "እስቲ እይልኝ፣ ደህና ነው?" አይልም። ቢሆንም እሺ አልኩ። ምን እንደደበቀ ማየት ፈለግኩ።

እስከ አዋሽ

መሥሪያ ቤቱ መኪና ላከልኝ። ሾፌሩ ሰይድ የወሎ ልጅ ነው፤ ሎግያ አግብቶ ወልዶ ይኖራል። ማለዳ ተነስተን አዳማን አለፍን። መተሐራ ላይ የበሰቃ ሐይቅ ከመንገዱ ጥግ ደርሶ ተኝቷል፤ ከዚያ ወዲያ እሳተ ገሞራ የተፋው ጥቁር ድንጋይ ነው።

"እትዬ አስቴር፣ ቦርሳውን ከኋላ ላድርግልዎት? ጉልበትዎን ፈጀዎት።"

"ይመቸኛል" አልኩት። አልተመቸኝም። ግን የማንን እንጀራ እንደሚበላ ገና አላወቅኩም።

አዋሽ ስንደርስ ሙቀቱ በሩን ስከፍት ፊቴን መታኝ። ምሳ የበላነው የጭነት መኪናዎች ከሚቆሙበት ፊት ለፊት ነው። ሰይድ ሩዝ በፍየል ሥጋ፣ እኔ ሽሮ። የውሃው ዋጋ ከአዲስ አበባው ብዙ ይበልጣል፤ የምግብ ቤቱ ባለቤት "በረዶ ውስጥ ስላደረ ነው" አለችኝ። በረዶ አላየሁም።

ስንወጣ አንድ ሽርጥ ያገለደመ፣ ዱላ በትከሻው የጣለ አፋር ሰይድን አስቆመው። እጅ ለእጅ ተያይዘው በአፋርኛ ማውራት ጀመሩ። አንዱ ብዙ ይናገራል፣ ሌላው በየመሃሉ "ኢሂ" ይላል፤ ከዚያ ተራው ይዞራል። ሰውዬው ሁለት ጊዜ ወደ እኔ አየ። ስለ እኔ ነው አልኩ በሆዴ። ግርማ እዚህ ድረስ ሰው አቁሟል።

መኪናው ውስጥ "ምን አለህ?" ብዬ ጠየቅኩት።

"ጎማ የሚጠግን ያውቅ እንደሆነ ነው የጠየቀኝ።"

"ለጎማ ነው ይህን ያህል?"

ሰይድ ሳቀ። "እሱማ ዳጉ ነው፣ እትዬ! መጀመሪያ ከየት መጣህ፣ ምን አየህ፣ ዝናብ የት ጣለ፣ ማን ታመመ፣ ሁሉን ትሰጠዋለህ፤ እሱም ይሰጥሃል። ጉዳይ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዳጉ የከለከለ ሰው፣ ወላሂ፣ ውሃ ከከለከለ አይሻልም።"

አላመንኩትም። ገዋኔን፣ ከዚያም ሚሌን እስክናልፍ ድረስ በመስታወቱ ዓይኑን እጠብቅ ነበር። መንገዱ ከጅቡቲ በሚመጡ ተሳቢዎች የተሞላ ነው፤ አንዱ ተገልብጦ የጫነውን ስንዴ ፍየሎች ይበሉታል። ሎግያን አልፈን ሰመራ የገባነው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው።

ሰመራ

በማግሥቱ ጠዋት ባጃጅ ይዤ ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄድኩ። ግርማ በአውሮፕላን መጥቶ ቀድሞኝ ተቀምጧል።

"አስቱዬ! አንቺ እኮ አታረጂም!" ብሎ ሊስመኝ ተነሳ። እጄን ዘረጋሁለት።

የማዕከሉ ኃላፊ አቶ መሐመድ ለሙከራ የተጀመረውን ሥራ እንድናይ ሃዋ የምትባል ሠራተኛ አጠገብ አስቀመጡን። ሃዋ አፋር ናት። ስልክ ገባ፤ አንድ ሽማግሌ ናቸው። እሳቸው ይናገራሉ፣ እሷ "ኢሂ" ትላለች። ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ሰዓት ይቆጥራል። ቢጫ ሆነ። ቀይ ሆነ። ከዚያ መስመሩ በራሱ ተቋረጠ፤ "ጉዳይ የሌለው ጥሪ" የሚል ጽሑፍ ወጣ።

"ምን ፈልገው ነበር?" አልኳት።

"አልደረሱበትም። ገና ስለ ዝናቡ እየነገሩኝ ነበር።"

"ሰዎቹን ቀስ በቀስ ማስለመድ ነው" አለ ግርማ። "ሠራተኞቹንም።"

አቶ መሐመድ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "የሃዋ ጥሪዎች አብዛኞቹ ቀይ ናቸው። በዚህ ወር መጨረሻ ውሏ አይታደስም። እኔ ምን ላድርግ? ማሽኑ ነው ያለው።"

ሃዋ ማዳመጫውን አውልቃ ወደ ኃላፊዋ ዞረች። "አባቴ የሚሆኑትን ሽማግሌ 'ዳጉውን ተውና ጉዳይህን ተናገር' ልበላቸው? ከዚያ ወዲያ ማን ይደውልልኛል? ፓምፑ ተሰብሮ ከብቱ እያለቀ እንኳ አይደውሉም!"

ያን ጊዜ ሰይድ እንዳልዋሸኝ ገባኝ። ሌላም ነገር ገባኝ። በእኔ ንድፍ ሰዓቱ ከየት ጀምሮ እንደሚቆጠር የሚመረጠው በዚያው ገጽ ላይ ነው።

"የሠራተኛዋን ገጽ ክፈትልኝ" አልኩት ግርማን።

"እሱ ተቆልፏል። ለውጥ ሲፈልጉ ለድርጅታችን ይጽፋሉ፣ እኛ እናስተካክላለን።"

ንድፌን ሰርቆ በሩን ቆልፎበታል። ከደጅ ጥናት ለመዳን የሠራሁትን ነገር መልሶ ደጅ ማስጠኛ አደረገው።

ግርማ ክንዴን ይዞ ወደ ኮሪደሩ አወጣኝ። "አስቱ፣ የድሮው ነገር እንደሚከነክንሽ አውቃለሁ። በሶፍትዌሩ መግቢያ ላይ 'ንድፍ፦ አስቴር' ብዬ እጽፈዋለሁ። ዛሬ ፈርሚልኝ ብቻ።"

እኔን ለምን እንደጠቆመ አወቅኩ። ስሜን በፊርማዬ ሊሸጥልኝ ነው። አልዋሽም፣ ያንን ስም እፈልገዋለሁ። ለልጆቼ ማሳየት እፈልጋለሁ።

"ገጹንስ?" አልኩት።

"ነገ እከፍተዋለሁ።"

"ነገህን አውቀዋለሁ፣ ግርማ።"

ተመልሼ ገባሁና ሁሉም እየሰሙ ገጹ ካልተከፈተ እንደማልፈርም ተናገርኩ። አቶ መሐመድ ደነገጡ። "ወይዘሮ አስቴር፣ ርክክቡ ከዘገየ እኮ የምጠየቀው እኔ ነኝ!"

"ከፈረምኩ በኋላ ደግሞ ለአንዲት ቃል አዲስ አበባ እየጻፉ ይኖራሉ። ይምረጡ።"

ወደ ግርማ ዞሩ። "ክፈቱላቸው" አሉ። ግርማ ፊቱ ጠቁሮ የይለፍ ቃሉን አስገባ። ሃዋን ከጎኔ አስቀምጬ ሰዓቱ እሷ "ጉዳይ" የሚለውን ቁልፍ ስትጫን እንዲጀምር በገዛ እጇ አስቀየርኳት። ፕሮግራመር አልተጠራም። የይለፍ ቃሉም በእሷ ተቀየረ።

ለሽማግሌው መልሳ ደወለች። ዝናቡን፣ የሰው ሠርግ፣ የመጡበትን መንገድ ሁሉ ሰማች። ስትጨርስ ሁለት ፓምፖች መዘገበች፤ አንዱ እሳቸው የደወሉለት፣ ሁለተኛው በመንገዳቸው ደርቆ ያዩትና በዳጉው መሃል የነገሯት።

አቶ መሐመድ ሁለቱ ፓምፖች ያሉባቸውን ቦታዎች ስም ቆመው አነበቡ። ስለ ሃዋ ውል ስጠይቃቸው "እናየዋለን" አሉኝ። "እናየዋለን" የሚሉ አለቆች ብዙ አይቻለሁ። ገጹ ግን በእጇ ነበር፤ ፈረምኩ።

ቤት

በማግሥቱ ማታ አዲስ አበባ ገባሁ። ከጉዞው የተማርኩት ሶፍትዌር ሲያሳዩኝ ምን ይሠራል ከማለቴ በፊት ቁልፉ ማን ጋ ነው ብዬ መጠየቅን ነው። ሰይድን ግን ያለ ጥፋቱ ጠርጥሬዋለሁ። ስንለያይ ቦርሳዬን እስከ በሬ ተሸክሞልኛል።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ግርማ ፎቶ ላከልኝ። የሶፍትዌሩ መግቢያ ነው። የእሱ ስም በትልቁ፣ ከሥሩ የእኔ በትንሹ።

ለሃዋ ደወልኩ። ዝናብ መጣሉን፣ የሰይድ ሚስት መውለዷን፣ ውሏ መታደሱን እስክትነግረኝ አዳመጥኩ። ከዚያ የመግቢያው ጽሑፍም በዚያው ገጽ እንደሚቀየር ነገርኳት። የግርማን ስም አስጠፋሁት። የእኔ እንዳለ እንዲቆይ አደረግኩ።