በእኔ ስም የወጣው ፓምፕ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ታላቅ ወንድሜ ላንቴ በምትባል የገጠር ቀበሌ ላለው የሙዝ ማሳው የውኃ ፓምፕ መግዛት ፈልጎ አብረን ባንክ ሄድን። የይዞታ ደብተሩን በፌስታል ጠቅልሎ ይዞ ነበር። የብድር ሠራተኛዋ ደብተሩን አገላብጣ አየችና፣ «ጋሼ፣ የገጠር መሬት በዋስትና አንይዝም፤ ሕጉ አይፈቅድም» አለችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «እርስዎስ ከተማ ቤት አለዎት?» አለችኝ። ከተማው ውስጥ ሲቀላ ሰፈር ያለችው የሁለት ክፍል ቤቴ ካርታ በቃ፤ ብድሩም ፓምፑም በእኔ ስም ወጣ።

ብድሩን ወንድሜ ሙዝ እየሸጠ ከፍሎ ጨረሰ። ባንኩ ግን ጥሩ ከፋይ ነህ ብሎ ሌላ ብድር የሰጠው ለእኔ ነው፤ ባጃጅ ገዛሁበት።

ባለፈው ሳምንት ወንድሜ ሁለተኛ ፓምፕ ፈልጎ መጣ። «አንተ ጠይቅልኝ፤ እኔን አያውቁኝም» አለኝ። እሺ ብዬው ወጣን። እሱ ፊት ፊት ሲሄድ እኔ በእሱ ክፍያ ያገኘሁትን ባጃጅ እያሰብኩ ወደ ኋላ ቀረሁ።