ጣቱ የጻፈውን አፉ ሲያነበው

ስልኩ ውሃ የገባበት፣ ስክሪኑ የተሰነጠቀበት፣ ቻርጅ አልይዝ ያለው የሐይቅ ከተማ ሰው ሁሉ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ወዳለችው የባድሩ ሱቅ ይመጣል። ባድሩ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ጥገና ያስተማረው ሰው የለም፤ የሞቱ ስልኮችን እየፈታ፣ እያበላሸ፣ መልሶ እየገጠመ ራሱን አስተማረ። ከጤፍ ፍሬ ብዙም የማትበልጥ ብሎን በጥፍሩ ያነሳል፤ ጣቱ አይንቀጠቀጥም። ሰው በዚህ ሲያመሰግነው ግን ብዙም ደስ አይለውም። እሱ ምስጋና የሚፈልገው በጨዋታው ነው።

ጨዋታው የስልክ ላይ ተኩስ ነው። መቶ ሰው ከየአገሩ አንድ ደሴት ላይ ይወርዳል፤ አራት አራት እየሆነ ይታኮሳል፤ መጨረሻ ላይ የቆመው ቡድን ያሸንፋል። ተጫዋቾቹ በጆሮ ማዳመጫ እየተነጋገሩ ነው የሚዋጉት። ባድሩ ይህን ጨዋታ ለሰፈሩ ልጆች ስልክ ላይ ጫነላቸው፣ አስተማራቸው፣ ቡድን አቋቋመ፣ የቴሌግራም ግሩፕ ከፈተ፣ አለቃ ሆነ። "ባድሩ ገብቷል ወይ?" ሳይባል ጨዋታ አይጀመርም ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ እንደዚህ ኖረ። ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ትንሽ ነው ይላል። ትንሽ አይደለም። ሌላ ሹመት ለሌለው ሰው ይህ ሹመት ነው።

ከዚያ ሰሚሃ መጣች።

ሰሚሃ ከአርዲቦ ሐይቅ ዳር ካለ የገበሬ መንደር ናት። አባቷ ጠሃ አምና ታሞ ሲሞት ባድሩ ከቅሬው፣ ማለት ከእድሩ፣ ሰዎች ጋር ሄዶ መቃብር ቆፍሯል፤ ጠሃ የአባቱ ወዳጅ ነበር። ከዚያ በኋላ እናቷ ዙለይሃ ከተማ ገብታ ቤት ተከራየች፤ ገበያ ላይ በርበሬና ቅመም ትሸጣለች። ሰሚሃ ኮሌጅ ትማራለች። አንድ ቀን አሮጌ ስልኳን ልታስጠግን ሱቁ መጥታ ልጆቹ ሲጫወቱ አየች።

"ይሄን ለኔም ጫንልኝ፣ ባድሩ።"

"ኧረ ተይ! ስልክሽ ራሱ ጡረታ የወጣ ነው።"

"እሱ ቢወጣም እኔ አልወጣሁም።"

ልጆቹ ሳቁ። ባድሩም ስቆ ጫነላት። ይህንን ሳቁን በኋላ ብዙ ጊዜ ረግሞታል።

በወሩ ሰሚሃን የሚያህላት ጠፋ። አትጮኽም፣ አትደነግጥም። ሌላው "ሞትኩ! ድረሱልኝ!" እያለ ሲያለቅስ እሷ ጎረቤት እንደምታወራ ቀስ ብላ "ከግንቡ ኋላ ሁለት ናቸው፤ አንዱ ጥይት ጨርሷል፤ አሁን ውጡ" ትላለች። እንዳለችውም ይሆናል። ጠላት እስኪመጣ ተደብቀው ሲጠብቁ ደግሞ በአምባሰል ቅኝት ታንጎራጉራለች። ልጆቹ ያን ለመስማት ብለው መደበቁን ያስረዝሙት ነበር። ግሩፑ ላይ "ባድሩ ገብቷል ወይ?" የሚለው ጥያቄ ቀረና "ሰሚሃ ገብታለች ወይ?" ሆነ።

ቅናት መጀመሪያ ሲገባ ስሙን አይናገርም። ባድሩም "ስልኳ ስለሚዘገይ ቡድኑን ታጓትታለች" አለ። አላጓተተችም። "ኮሌጇን ትከታተል፣ ለራሷ ብየ ነው" አለ። ለራሷ አልነበረም።

ነገሩን ያባሰው ባጃጁ ነው። የባድሩ ባልንጀራ አንዳርጋቸው፣ ባጃጅ ነጂ፣ የቡድኑ ሁለተኛ ሰው ነው። "ባጃጄን ቀለም ያስቀባሁ ቀን ከኋላ የማስጽፈው ያንተን የጨዋታ ስም ነው" ብሎ ቃል ገብቶለት ነበር። ቀለም አስቀብቶ ሱቁ ፊት ሲያቆም ከኋላው በቢጫ፣ በትልቁ የተጻፈው "የአርዲቦ ልጅ" የሚል ነው። የሰሚሃ የጨዋታ ስም።

"ምነው ዝም አልክ? አላማረም?" አለ አንዳርጋቸው።

"አምሯል።"

"ፊትህ ግን ሎሚ የመጠጠ ይመስላል።"

"ቀለሙ ይለቃል ብየ ነው። አንድ ክረምት ያጥበዋል።"

"ዘይት ቀለም ነው ወንድሜ! እኔ ብሞት እንኳ እሱ ይኖራል። ስማ ደግሞ፣ ደሴ ላይ ለሚደረገው የጨዋታው ውድድር አመራሩን ለሰሚሃ እንስጣት ብለናል። አይከፋህም አይደል?"

"ለምን ይከፋኛል?"

ባጃጁ በሱቁ ፊት በቀን ሃያ ጊዜ ያልፋል። ባድሩ ሃያ ጊዜ ያንን ስም ያነባል። ሳያይ እንዲያልፈው ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ ቢቀመጥም የሞተሩን ድምፅ ለይቶ ያውቀዋል፤ ድምፁን ሲሰማ ስሙ በዐይኑ ይመጣበታል።

በዚያው ሳምንት በሌላ ሲም ካርድ ሌላ አካውንት ከፈተ፤ ስሙን "ሽፍታው" አለው። ግሩፑ ውስጥ ገባ። ማንም አልጠየቀውም፤ ግሩፑ ውስጥ ከአዲስ አበባም ከሌላ አገርም የሚገባ ብዙ ነው። ስለ ሰሚሃ የመጀመሪያዋን ስድብ ጻፈ፦ "የገደል ዝንጀሮ ስልክ ይዛ ወረደች።" ሦስት ሰው የሳቅ ምልክት አደረገ። አንዱ አንዳርጋቸው ነበር።

ችግሩ ይህ ነው። አንዱ ይሳደባል፣ ሦስቱ ይስቃሉ፣ ሠላሳው ዝም ይላል፤ ኋላ ሁሉም "ጨዋታ እኮ ነው" ይላል። የማን ጨዋታ? ድሮ ሰው መሳደብ ቢፈልግ ደጃፍ ሄዶ፣ ፊት ለፊት ቆሞ፣ ጥፊውን ሊቀበል ተዘጋጅቶ ነበር። ዛሬ ምላሱን በኪሱ ይዞ ይዞራል። የተሰደበው ሲያለቅስ አያይ፣ አይሰማ። ባድሩም ወላሂ አላየም፤ ማየት ስላልፈለገ ነው።

ሳቁ አበረታውና ቀጠለ። በቡድኑ ፊትም፣ ለብቻዋም ይልክላታል። ሰሚሃ መጀመሪያ መለሰችለት፤ ቀጥሎ ዝም አለች። ከዚያ እንጉርጉሮዋ ቀረ። ከዚያ በጨዋታው መሃል ድምፅዋ ጠፋ፤ ስትናገር የሚሰድባት ሰው የሚሰማት እየመሰላት ማይኩን ዘጋችው። መሳሳት ጀመረች። ባድሩ ስትሳሳት ባየ ቁጥር ደረቱ ውስጥ አንድ ነገር ቀለል ይለዋል፤ በማግስቱ ግን ባጃጁ ሲያልፍ ተመልሶ ይከብዳል። እንግዲያው ይጨምርበታል። እንዲህ እንዲህ እያለ አርባ ሁለት መልእክት ሞላ።

አንድ ጠዋት ዙለይሃ ስልክ በሻሽ ጠቅልላ ሱቁ መጣች። ስክሪኑ ደቅቋል።

"ግድግዳ ላይ ወረወረችው" አለች። "እህል ከቀመሰች ሦስት ቀኗ፣ ኮሌጁንም ትታዋለች። በዚህ ዕቃ ውስጥ ሰው ይሰድባታል አሉ። ጠግነህ ቅዳሜ ከዙሁር ሰላት በኋላ ይዘህልኝ ና፣ የኔ ልጅ። ወዳጃ አስቀምጫለሁ፣ ሽማግሌዎቹ ይሰበሰባሉ፤ አያ ኸሚስ ዱአ ያደርግላታል።"

"እሽ እትየ" አለ ባድሩ። ስልኩን ከሻሹ ፈታ።

ስክሪኑን ቀየረ። ስልኩ ሲበራ መልእክቶቹ በተርታ ተደርድረው ወጡ። አንዱንም አላጠፋችውም። ሊያጠፋቸው ጣቱን አነሳና "ኋላ ማን አጠፋው ቢባልስ?" ብሎ ተወው። የሌባ ብልሃት መጨረሻው ይኸው ነው፤ ዱካውን ሲጠብቅ ይያዛል።

ቅዳሜ ስልኩን ሰጥቶ ሊመለስ አስቦ ሄደ። ዙለይሃ እጁን ይዛ አስገባችው። ቤቱ ውስጥ የሰፈሩ ሽማግሌዎችና ጎረቤቶች፣ አሥር የሚሆኑ፣ ጫቱን መሃል አድርገው ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ሰሚሃ ጥግ ይዛ ጉልበቷን አቅፋለች። ፊቷ ከስቶ ዐይኗ ብቻ ቀርቷል።

ወዳጃውን የያዙት አያ ኸሚስ ናቸው፤ የቅሬው ዳኛ፣ ዱአቸው የሚፈራ ሽማግሌ። "ዱአ በጭፍን አይደረግም" አሉ። "ነገሩን እንወቀው። ልጄ፣ ምን ነካሽ?"

ሰሚሃ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

"እሷ አትናገርም፣ አያ ኸሚስ" አለች ዙለይሃ። "እኔም ፊደል አልቆጠርኩ። ሁሉም እዚህ ስልኩ ውስጥ አለ። ይኸው ባድሩ ያንብብልን።"

"እትየ... ሰው ፊት የሚነበብ አይደለም።"

"የልጄ ሆድ ውስጥ ከገባ ሰው ፊት ቢወጣ ምን አለው?"

ስልኩ እጁ ላይ ነው። አሥር ሰው ያየዋል። የመጀመሪያውን አነበበ። አያ ኸሚስ "አስተግፊሩላህ" አሉ። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን አነበበ። በጣቱ ሲጽፋቸው ቀለው ነበር፤ አሁን እያንዳንዱ ቃል ጉሮሮው ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ይቆማል። አራተኛው ላይ ሲደርስ ማለሳለስ ጀመረ፤ የከፋውን እየዘለለ፣ ቃሉን እየለወጠ።

"እንደዚያ አይልም" የሚል ድምፅ ከጥግ ተሰማ። ሰሚሃ ናት። "የተጻፈውን አንብብ።"

የተጻፈውን አነበበ። ዘጠነኛው ጋ ሲደርስ አፉ እንቢ አለ።

"ምን ይላል?" አሉ አያ ኸሚስ።

 ሰሚሃ ሳታየው በቃሏ ወጣችው፦ "'አባትሽ የሞተው አንችን ከማየት መቃብር ይሻለኛል ብሎ ነው።' ነው የሚለው።"

ዙለይሃ በሁለት እጇ አፏን ያዘች። አያ ኸሚስ ጫቱን ከእጃቸው አስቀመጡ። "ይህን ያለ ሰው" አሉ፣ "የጠሃን ሞት ያውቃል። ጠሃ ገበሬ ነበር፤ ጠሃን ሌላ አገር ያለ ሰው ከየት ያውቀዋል? የቀበርነው እኛ ነን። ባድሩ፣ አንተም ቆፍረሃል አይደል?"

"ቆፍሬያለሁ።"

"እንግዲህ ሰውየው ከመሃላችን ነው።" መዳፋቸውን ዘረጉ፤ ሁሉም ዘረጋ። "ያ ረቢ፣ ይችን ልጅ ልቧን መልስላት።"

"አሚን!"

"ይህን የጻፈውን ሰው ልብ ስጠው።"

"አሚን!"

"ልብ አልገዛም ካለ፣ ጣቱን ያዝልን።"

"አሚን!"

ባድሩ አሚን አላለም። የተዘረጉ ጣቶቹን እያየ ነበር። እነዚያ እንጀራ የሚያበሉት፣ የማይንቀጠቀጡት ጣቶች ይንቀጠቀጡ ነበር።

"እኔ ነኝ" አለ።

መጀመሪያ ማንም አልገባውም። "ሽፍታው እኔ ነኝ። እኔ ነኝ የጻፍኩት።"

አንድ ጎረቤት ተነስቶ ሊይዘው ሲል አያ ኸሚስ በከዘራቸው አገዱት። ዙለይሃ አልጮኸችም። "ባሌን አፈር ያለበስክ ልጅ!" አለች ብቻ፤ ከዱላ ይልቅ ይህ ብሶ አመመው።

ሰሚሃ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችው። "ምን አድርጌህ?"

ሰበብ ነበረው፤ በወራት ያከማቸው ብዙ ሰበብ። ሁሉም ጠፋበት። "ቀናሁብሽ" አለ።

"ጨርሰው እንግዲያ።"

"ምኑን?"

"ያነበብከው ስምንት ነው። አርባ ሁለት ነው። እኔ አርባ ሁለቱንም ብቻየን ነው ያነበብኩት።"

አነበበ። ማንም አላስቆመው። ሲጨርስ የዐሱር አዛን ይሰማ ነበር፤ ላብ ሸሚዙን አርሶታል።

"አውፍ በይው ልጄ፣ ይቅር በይው" አሉ አያ ኸሚስ። በዚያ አገር ይህ ሲባል እንቢ የሚል ጥቂት ነው።

"ዛሬ አልልም።"

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። "አላስገድድሽም። አውፍታ በከዘራ አይወጣም።"

በማግስቱ አንዳርጋቸው ሱቁ መጣ። ባድሩ ስድብ ጠበቀ። አንዳርጋቸው ግን ወንበር ላይ ተቀመጠና፣ "እኔም ስቄያለሁ" አለ። "ማን መሆኑን ሳላውቅ ሳቅሁ። ዛሬ ሄጄ ነገርኳት፤ በር ዘጋችብኝ። ላንተ ግን ከዚህ በኋላ ሻይ አልጋብዝም።" ተነስቶ ሄደ። ባድሩ ግሩፑን ለቀቀ።

ሰሚሃ ኮሌጅ ተመለሰች። አንዳርጋቸውንም ሁለት ሳምንት አስለምናው በሩን ከፈተችለት። ደሴ ሄደው ሦስተኛ ወጡ። ባድሩ ይህን የሰማው ባጃጁ ጡሩንባ እየነፋ ሱቁን ሦስት ጊዜ ሲዞረው ነው። ሱቁ ውስጥ ተደፍቶ ያልጠፋ ብሎን ይፈልግ ነበር። ሰሚሃ የስልኳ ቻርጅ መሰኪያ ሲበላሽ ደግሞ እሱን አልፋ፣ ትራንስፖርት ከፍላ ውጫሌ ድረስ ሄዳ አስጠገነችው። ውጫሌ ያለው ጠጋኝ እጁ ጥሩ አይደለም፤ ባድሩ ያውቀዋል። በዚያ በማይረባ ጠጋኝ ሳይቀር ቀና።

ረመዳን ሊገባ ሲል ሰው በየቤቱ እየዞረ አውፍ ይባባላል። ባድሩም ሄዶ ዙለይሃ ደጃፍ ቆመ። ሰሚሃ ወጣች።

"አውፍ በይኝ።"

"አንድ ነገር ልጠይቅህ። ባጃጁ ላይ ስሜን ስታይ አሁን ምን ይሰማሃል?"

"ደስ ይለኛል" ሊል አፉን ከፈተ። ተወው። "ያመኛል" አለ። "ዛሬም ሲመጣ አይቼው አሞኛል። ዝም ብየ ነው የማሳልፈው።"

ሰሚሃ ትክ ብላ አየችውና ሳቅ አለች። በሱ ፊት ከሳቀች ብዙ ጊዜ ሆኗታል።

"አሁን አመንኩህ" አለች። "ደስ ይለኛል ብትለኝ ኖሮ በሩን እዘጋብህ ነበር። አውፍ ብየሃለሁ፤ ሂድ።"

ወደ ሱቁ ሲመለስ ባጃጁ ከኋላው መጥቶ አለፈው። ቢጫው ጽሑፍ አልለቀቀም። አመመው፤ ዝም ብሎ አሳለፈው።