ቦጋለ ካሜራ የለወጠ ሰሞን

ቦጋለ ድምፁን ለማውጣት የሚፈራ ሰው ነው። ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት ሞት ይመስለዋል። ሌላ ተሳፋሪ እስኪያስቆም ጠብቆ አብሮ ይወርዳል። ለቡ መብራት ኃይል መውረድ ሲገባው ሀይሌ ጋርመንት ድረስ ተወስዶ በእግሩ የተመለሰበት ቀን ጥቂት አይደለም። ባለቤቱ ማናዬ ይህን ታውቃለች። አቧራ ለብሶ ሲገባ ካየች፣ «ዛሬም የሚወርድ ሰው ጠፋ?» ብላ ትስቅበታለች።

ፎቶ አንሺነቱ የተስማማውም ለዚሁ ነበር። ካሜራ ፊቱ ላይ የደቀነን ሰው ማንም አያየውም። ካሜራው ጀማሪዎች የሚገዙት ዓይነት ሲሆን መያዣው ላይ ያለው ጎማ ተልጦ በማስቲሽ ተለጥፏል። አንድ ነገር ግን ነበረው፤ ድምፁ። ሲጫኑት ውስጡ ያለው መስታወት ብድግ ብሎ ይመለሳል፤ «ቀጭ!» ይላል። በዚያች ቀጭ ሽማግሌው የያዘውን ትንፋሽ ይለቃል፣ ሙሽራዋ ፈገግታዋን ትሰበስባለች፣ ሚዜዎቹ ከሰልፉ ይበተናሉ። ቦጋለ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ሰው ሁሉ መነሣቱን ያውቃል።

ችግሩ ጨለማ ነው። ፍላሽ ከሌለ ያ ካሜራ ሰው አይለይም፤ ፊቱ ሁሉ አሸዋ የተበተነበት ይመስላል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ደግሞ ተክሊል ሲፈጸም ፍላሽ ማብረቅ አይፈቀድም። ድምፁም ቢሆን ቄሱን ያስቆጣል። ስለዚህ ቦጋለ ለዓመታት ቅጽር ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ቆሞ ሙሽሮች እስኪወጡ ይጠብቃል፤ የውስጡን የሚያነሳ ሌላ ባለሙያ ይቀጠራል።

እትዬ ጤናዬ መጡና ይህን ልማድ አፈረሱት። እሳቸውና ባለቤታቸው ጋሽ ሂርጳ የዚያው የለቡ የጥንት ነዋሪዎች ናቸው። እርሻቸው ዙሪያውን ፎቅ ሆኖባቸው፣ እነሱ ግን ሁለት ላሞቻቸውን ሳይሸጡ መሀሉ ላይ ተቀምጠዋል። የመጀመሪያ ልጃቸውን ለሊሴን ሊድሩ ነው።

«ለሊሴን የምታነሳት አንተ ነህ» አሉት። «ውስጡንም ውጪውንም። ሁለት ካሜራ ያዥ እርስ በርሱ ሲጋፋ ማየት አልፈልግም። ተክሊሏ ደግሞ እንዳያመልጠኝ፤ እኔ በሰማንያ ነው የተዳርኩት፣ በልጄ ልየው።»

«እሺ» አላቸው።

እሺ ካለ በኋላ ነው የደነገጠው። ማናዬ ስትሰማ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«በዚያ ካሜራ?»

«እለውጠዋለሁ።»

«በምን?»

ይህን ነበር የማያውቀው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እግሩ አላርፍ አለው። ምሳውን ሳይጨርስ ይነሣና ሀይሌ ጋርመንት፣ ቸኮል የሚባል ወጣት ካሜራ የሚሸጥበትና የሚያከራይበት ሱቅ መስታወት ላይ ይለጠፋል። እዚያ ውስጥ ሁለት ካሜራዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንደኛው ያገለገለ፣ ጡብ የሚያህል፣ ትልቅ ካሜራ ነው። ሌላው ሚረርለስ የሚሉት፣ መስታወት የሌለው፣ እጅ ውስጥ የሚጠፋ ትንሽ ካሜራ ነው። አንዱን ገዝቶ ሌላውን መሞከር አይቻልም፤ ከተሳሳተ ሌላ ዕድል የለም። ጠዋት ትልቁን ይወስናል። ከሰዓት በኋላ ወደ ትንሹ ይዞራል። ማታ እራት ላይ ደግሞ ሁለቱንም ይተዋል።

«ትልቁን ግዛ» ትላለች ማናዬ። «ሰው ፎቶውን የሚያየው በኋላ ነው፤ መጀመሪያ የሚያየው ካሜራውን ነው። ያቺን የሴት ቦርሳ የምታክል ነገር ይዘህ ብትሄድ፣ ‹ፎቶ አንሺው የት ቀረ?› ይሉሃል።»

ቸኮል ደግሞ ሌላ ይላል። «ጋሼ፣ መስታወቱን እያየህ ልትጨርሰው ነው እኮ! ግባ በቃ። ያንተን አሮጊት ካሜራና መታወቂያህን እዚህ አስይዝና ይቺን ትንሿን ዛሬ ይዘሃት ዋል። ካልወደድካት መልሳት። እኔ ሚስት እንኳ እንደዚህ አልመረጥኩም።»

በዚያን ዕለት እነ ጋሽ ሂርጳ ቤት ሽማግሌዎች ለሊሴን የሚመርቁበት ቀን ስለነበር ቦጋለ እሺ ብሎ ይዟት ሄደ። ሲደርስ መብራት ጠፍቶ፣ ሳሎኑ ድንግዝግዝ ብሏል። ሽማግሌዎቹ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ቦጋለ ትንሿን ካሜራ አወጣና በሆዱ «ይኸው ፈተናሽ» አላት።

የጋሽ ሂርጳ አጎት፣ አባባ ገዳ የሚባሉት፣ ለመመረቅ ተነሡ። ለሊሴ ፊታቸው ተንበረከከች። አባባ ገዳ ብዙ ሰርግ ያዩ ሰው ስለሆኑ የፎቶ ሥርዓት ያውቃሉ፤ እጃቸውን ዘርግተው፣ አገጫቸውን ቀና አድርገው፣ ፀጥ አሉ። ቦጋለ ተጫነ። ደግሞ ተጫነ። ጎንበስ ብሎ፣ ዞሮ፣ አሥር ያህል አነሳ።

አባባ ገዳ እጃቸውን እንደዘረጉ ናቸው። ለሊሴ እንደተንበረከከች ናት። ሽማግሌዎቹ «አሜን» ለማለት አፋቸውን ከፍተው ይጠብቃሉ። ቤቱ በሙሉ የሚጠብቀው ያችን ቀጭ ነው፤ ቀጭ የለችም። ቸኮል ድምፁን አጥፍቶ ሰጥቶታል፤ ቦጋለ ደግሞ ድምፅ ሊጠፋ እንደሚችል አያውቅም።

የአባባ ገዳ ክንድ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ቦጋለ «አነሳሁ» ማለት ነበረበት። ይልቁንም ደግሞ ተጫነ።

«ያ ጉርባ!» አሉ አባባ ገዳ በመጨረሻ፤ አርባ ስድስት ዓመት የሞላውን ሰው በኦሮምኛ «አንተ ልጅ» ማለታቸው ነው። «ክንዴ ሊወልቅ ነው፤ አታነሳም?»

«አነ… አነሳሁ፣ አባባ።»

«መቼ?»

«ቅድም።»

«እኔ ምንም አልሰማሁም። ሰው ሳይሰማ የሚወስድ ሌባ ነው!» አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ ለሊሴ ጉልበቷን ይዛ እየሳቀች ተነሣች። ምርቃቱ እንደ አዲስ ተጀመረ። ቦጋለ ላቡ ጀርባው ላይ ሲወርድ ይሰማው ነበር።

ውጪ ወጥቶ ግን ፎቶዎቹን ሲያይ ላቡ ቆመ። በዚያ ድንግዝግዝ ውስጥ የአባባ ገዳ መዳፍ ስንጥቆች አንድ በአንድ ይታያሉ። የለሊሴ ዓይን ውስጥ በሩ ላይ ያለው ብርሃን ቁልጭ ብሏል። እንዲህ ያለ ፎቶ በሕይወቱ አንስቶ አያውቅም።

ወደ ሱቁ ተመልሶ የሆነውን ሲነግረው ቸኮል ባንኮኒው ላይ ተደፍቶ ሳቀ። «ድምፅ አላት እኮ፣ ጋሼ! ውጪ ስትሆን አብራው፤ ይኸው።» ተጫናት። ጥፍር በጥፍር እንደመምታት ያለች ድምፅ ወጣች። ቦጋለ ትልቁን አንስቶ ተጫነ። «ቀጯ!» አለ፤ ደጅ የቆመ ሰው ዞር አለ። ይህ ድምፅ ሆዱን አሞቀው። ያንን ካሜራ ይዞ አፍ መክፈት አያስፈልግም። አስቀመጠው፤ እንደገና አነሳው። ሱቁ በር ድረስ ሄዶ ተመለሰ።

«ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይሄ አይሆንም» አለ፤ ከቸኮል ይልቅ ለራሱ ነበር የሚናገረው። ትንሿን ገዝቶ ወጣ። ታክሲ ውስጥ ቦርሳውን አቅፎ፣ ሊለውጣት ሁለቴ ተነሥቶ ሁለቴ ተቀመጠ።

የሰርጉ ዕለት እሑድ ጎህ ሳይቀድ ቄሰ ገበዙን አስፈቀደ። «ብርሃን የለም፣ ኮሽታ የለም» አሉት። ጫማውን አውልቆ በወንዶች በኩል ገባና አንድ ዓምድ ሥር ተለጠፈ። ከጧፍ በቀር መብራት አልነበረም። ሙሽሮቹ ካባ ለብሰው ቆሙ፤ አክሊል ተደፋላቸው፤ ቅብዐ ቅዱስ ተቀቡ። ቦጋለ ደጋግሞ አነሳ። ማንም አልዞረም፤ ማንም አልተቆጣም። እንዲህ እንደሌለ ሆኖ መሥራት የዕድሜ ልክ ምኞቱ ነበር።

ቅዳሴው አልቆ ሰዉ ሲወጣ እትዬ ጤናዬ ነጠላቸው ትከሻቸው ላይ ተንሸራቶ፣ ዓይናቸው ቀልቶ፣ በሰው መሀል እየተጋፉ መጡበት።

«የት ነበርክ?»

«ውስጥ ነበርኩ፣ እትዬ።»

«ውሸታም! ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጆሮዬን አቁሜ አንዲት ድምፅ አልሰማሁም። ደግሞ እንደ ልማድህ ዛፍ ሥር ቀረህ! አምኜህ!»

ቦጋለ ካሜራውን አብርቶ ሰጣቸው። እትዬ ጤናዬ አዩ። ለሊሴ በአክሊል ሥር፣ ጧፉ ግማሽ ፊቷን አብርቶት፣ ከንፈሯን ነክሳ እንባዋን ትከለክላለች። ቁጣቸው ከፊታቸው ላይ ቀስ እያለ ወረደ።

«ቀጥል» አሉ።

ቀጠለ። ከዚያ ጣታቸውን ስክሪኑ ጥግ ላይ አሳረፉ። ከሙሽሮቹ ኋላ፣ በሴቶች በኩል፣ አንዲት ሴት ጀርባዋን ለልጇ ሰጥታ ወደ በሩ ታያለች።

«ይቺ እኔ አይደለሁም?»

«እርስዎ ነዎት።»

በሚቀጥለው ፎቶ ወደ ዓምዶቹ ያያሉ። በሚቀጥለው ተንጠራርተው የወንዶቹን ሰልፍ ይቃኛሉ። አክሊሉ በሚደፋበት ቅጽበት ዓይናቸው እንደገና በሩ ላይ ነው። ቦጋለ ይህን ሲያነሳ አላየውም ነበር፤ የሚያየው የለሊሴን ፊት ብቻ ነበር።

«አንተን ስፈልግ…» ብለው ሳይጨርሱት ቀሩ።

ቦጋለ ያን ጊዜ ገባው። ከቅዳሴው በፊት በር ላይ አግኝቷቸው ነበር፤ አንገቱን ብቻ ሰብሮ አልፏቸዋል። ቆም ብሎ «እገባለሁ፤ ካሜራው ድምፅ የለውም፣ አይስጉ» ቢላቸው ኖሮ ይህ ሁሉ ባልሆነ።

«እትዬ፣ ልነግርዎ ይገባኝ ነበር» አለ። ድምፁ ለራሱም ጮክ ብሎበት ደነገጠ።

መንገዱ ላይ የሰርጉ መኪናዎች ጥሩምባቸውን ያንባርቃሉ፤ ሚዜዎቹ «ፎቶ! ፎቶ አንሺ የት ሄደ?» እያሉ ይጣራሉ። እትዬ ጤናዬ ነጠላቸውን አንስተው፣ ፀሐዩ ስክሪኑን እንዳያጠፋው በራሳቸውና በካሜራው ላይ አለበሱት።

«ጠብቁ!» አለ ቦጋለ ወደ ሚዜዎቹ ዞሮ።

«ከመጀመሪያው አሳየኝ» አሉት ከነጠላው ሥር። «ቀስ በል ደግሞ፣ አትቸኩልብኝ። ልጄን ልያት።»