የአያ ሰይድ ፋኖስ

ትናንት መርሳ ላይ መብራት ጠፋና አንዲት ባለሱቅ የፋኖስ ብርጭቆ በጋዜጣ መወልወል ጀመረች። የላምባው ሽታ ሲደርሰኝ አያ ሰይድ ትዝ አሉኝ።

በደርግ ጊዜ እዚሁ መርሳ ጎረቤታችን ነበሩ። ጉልምስናቸውን የጨረሱት አሰብ ወደብ፣ ለመርከቦች መንገድ የሚያሳይ መብራት ያለበት ማማ ላይ ነው። ጣሊያን ያሠራው አሮጌ ማማ ነበር። እሳቸው ቀን መስታወቱን ይወለውላሉ፣ ሲመሽ ያበራሉ። ኋላ ሌላ ቦታ አዲስ መብራት ተተከለና አሮጌውን አጥፍተው እንዲቆልፉት ታዘዙ። ያን ጊዜ አንድ ልጃቸው በጀልባ ወጥቶ ገና አልተመለሰም ነበር።

መርሳ ከገቡም በኋላ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የፋኖሳቸውን ብርጭቆ በሽርጣቸው ጫፍ ይዘው ይወለውላሉ። "መስታወት ጣት አይወድም" ይሉኛል። ከዚያ ለኩሰው በምሥራቅ፣ በአሰብ በኩል ደጃፋቸው ላይ ይሰቅሉታል።

እናቴ አንድ ቀን፣ "አያ ሰይድ፣ ባሕር በሌለበት አገር ላምባውን ለምን ይጨርሳሉ?" አለቻቸው።

"ባሕር ባይኖር መንገድ አለ" አሏት።

አውሮፕላን ከተማ መደብደብ ሲጀምር ግን እናቴ እኔን በእጇ ይዛ ደጃፋቸው ቆመች። "አያ ሰይድ፣ እኔም ልጅ አለኝ። ያጥፉልኝ።"

አንዴ እኔን፣ አንዴ ወደ ምሥራቅ አዩና ክሩን ዝቅ አድርገው አጠፉት። "ይኸው፣ ከማማው ወዲህ ዳግመኛ በእጄ አጠፋሁ" አሉ።

ከዚያ ወዲያ አላበሩትም። ሲመሽ ግን ብርጭቆውን ወልውለው፣ ሳይለኩሱት ይሰቅሉት ነበር።

ባለሱቋ ፋኖሱን ለኩሳ ሰቀለችው። ብርጭቆው ላይ የጣቷ አሻራ ቀርቷል። "መስታወት ጣት አይወድም" ልላት አፌን ከፈትኩና፣ መብራቱን ከሩቅ የሚጠብቅ ሳይኖር ለማን ብዬ፣ መንገዴን ቀጠልኩ።