ሰሌን ላይ የተቀመጥኩበት ቅዳሜ

መጀመሪያ የተሰማኝ ጣቶቼ ላይ ነው። ከይርጋጨፌ ወደ አሪቻ በሞተር እየሄድኩ ነበር፤ ከሾፌሩ ኋላ ተቀምጬ። የቀኝ እጄ ጣቶች ደነዘዙ። ልቤ መሮጥ ጀመረ። ትንፋሽ አጠረኝ። «አቁም!» አልኩት። ወርጄ መንገድ ዳር ሣር ላይ ቁጭ አልኩ። ልሞት እንደሆነ አልጠረጠርኩም፤ እርግጠኛ ነበርኩ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሁሉም ለቀቀኝና ቀሚሴን አራግፌ ተነሣሁ። ሾፌሩ ግራ ገብቶት ያየኛል፤ እኔም ግራ ገብቶኝ አየዋለሁ።

ዘነበች እባላለሁ። የምኖረው ዲላ ነው። ሥራዬ አሪቻ ባለ አንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ጥራት መቆጣጠር ነው። ገበሬው ካመጣው እሸት ቡና ውስጥ ያልቀላውንና የተበላሸውን አስለቅማለሁ። ስለዚህ ዓይኔ ቀድሞ የሚያርፈው እንከን ላይ ነው፤ ይህ ጠባይ ለሥራዬ ይበጃል፣ ለሌላው ኑሮዬ ግን ብዙም አልበጀኝም። ይህን የምጽፈው እንደ እኔ ልቡ ያለ ምክንያት ለሚሮጥበት፣ የምርመራ ወረቀቱ ግን «ጤነኛ» ለሚለው ሰው ነው።

በሽታው ተመላለሰ። ባጃጅ ውስጥ። ባንክ ወረፋ ላይ። አንድ እሁድ ቅዳሴ መሐል። ኢሲጂ የሚሉትን የልብ ምርመራ ተነሣሁ፤ ደህና ነው አሉ። ደም ሰጠሁ፣ ታይሮይድ ተመረመርኩ፤ እሱም ደህና። ሰው ደህና ነሽ ሲባል ደስ ይለዋል፤ እኔ ግን ተናደድኩ። ሞተር ላይ መውጣት ፈራሁ። ቡናው ሊቀላ ወራት ቀርተውታል፣ አሪቻ ደግሞ ያለ ሞተር አይኬድም፤ ጣቢያው ሥራ ሲጀምር ካልተገኘሁ ቦታዬ ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ ተነግሮኛል። ይህን ሥራ እወደዋለሁ። እሱን ማጣት ከሞት ቀጥሎ የምፈራው ነገር ነበር።

ሦስተኛዋ ሐኪም ቀጭን፣ ረጋ ያለች ሴት ነበረች። ወረቀቶቼን ሁሉ አንብባ ጨረሰችና «ልብሽ ጤነኛ ነው» አለችኝ። «የያዘሽ ፓኒክ ዲስኦርደር ይባላል። ሰውነትሽ ሰው ሳይሞት ጡሩምባ እየነፋ ነው። ያስፈራል እንጂ አይገድልሽም።» ሰርትራሊን የሚባል ኪኒን አዘዘችልኝ። ቀጥላም፣ «በቀን ሃያ ደቂቃ ስልክሽን አጥፍተሽ ቁጭ በይ። አራት ቆጥረሽ አየር አስገቢ፣ ስድስት ቆጥረሽ አስወጪ። ዮጋ፣ ሜዲቴሽን የሚሉት ነው» አለች።

«ከዚያስ ምን ልሥራ?»

«ምንም አትሥሪ።»

ምንም አለመሥራት እንዴት እንደሚሠራ ሳይገባኝ ወጣሁ።

ዩኒቨርሲቲ የምትማረው የእህቴ ልጅ ሊዲያ ስልኬ ላይ የሜዲቴሽን አፕ ጫነችልኝ። ችግሩ ወዲያው ታየኝ። ሜዲቴሽኑ ያለው ስልኩ ውስጥ ነው፤ ሐኪሟ ደግሞ ስልኩን አጥፊ ብላለች። ሊዲያን ብጠይቃት «አክስቴ፣ ሪላክስ በይ በቃ» አለችኝ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ለስላሳ ድምፅ በእንግሊዝኛ ትከሻሽን ልቀቂ አለኝ፤ ለቀቅኩ። ወዲያው ማስታወቂያ ገብቶ ስለ ስፖርት ውርርድ ጮኸብኝ። ትከሻዬ ጆሮዬ ድረስ ተመለሰ። ሌላ ቀን የጣቢያው የቴሌግራም ግሩፕ ደርዘን መልእክት አዘነበብኝ። ስልኩን ድምፅ አልባ ባደርገው ብርሃኑ በዓይኔ ቆብ ላይ ብልጭ ይላል። ብገለብጠው ማን ደወለ እያልኩ አስባለሁ። ሐሳብ ሲመጣ ዝም ብለሽ አሳልፊው ይላል አፑ። እኔ እንከን አይቼ ማሳለፍ መቼ ተማርኩ? እያንዳንዱን ሐሳብ አንሥቼ አገላብጬ ካላየሁ አለቀውም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሃያ ደቂቃውን አንድ ቀን እንኳ አልጨረስኩትም።

ስልኩን ጨርሼ ያላጠፋሁት በባለቤቴ ምክንያት ነው። ታደለ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ሳምንቱን የሚያሳልፈው በሞያሌ መንገድ ላይ ነው። የሾፌር ሚስት ስልክ አታጠፋም።

ያን ቅዳሜ ጠዋት ግን ቆረጥኩ። ሊዲያ ለዮጋው ቦታ ያስፈልጋል ስላለችኝ ሶፋውን ወደ ግድግዳ ገፋሁ፣ ጠረጴዛውን መኝታ ቤት አስገባሁ። የዮጋ ምንጣፍ ስለሌለኝ ሰሌን ዘረጋሁ። እግር አጣጥፎ ለመቀመጥ የሚመች ሰፊ ቀሚስ ያለኝ አንድ ብቻ ነው፤ ጥቁር ነው። ስልኩን አጥፍቼ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። መብራት ስላልነበረ ለብርሃን በሩን ገርበብ አደረግኩት። ዓይኔን ጨፍኜ መቁጠር ጀመርኩ።

ጎረቤቴ እትዬ አስቴር ወንፊቴን ልትመልስ መጥታ በበሩ ክፍተት አየችኝ። ያየችውን አስቡት። ዕቃው የተነሣ ሳሎን፣ መሬት ላይ ሰሌን፣ ሰሌኑ ላይ ጥቁር ለብሳ ዓይኗን የጨፈነች የሾፌር ሚስት። እኛ ሰፈር ይህን ያየ ሰው ምን ሆንሽ ብሎ አይጠይቅም። እትዬ አስቴርም አልጠየቀችም፤ ወንፊቱን ደጃፉ ላይ ጥላ ሰፈሩን ልትጠራ ሄደች። በኋላ እንደሰማሁት ስልኬን ሞክረው ዝግ ሲሆንባቸው ምንም ጥርጣሬ አልቀራቸውም።

እኔ የእግር ኮቴ ሰማሁ። ዓይኔን አልገለጥኩም፤ ድምፅ ይመጣል፣ ይሄዳል ተብያለሁ። አንድ ሰው ገብቶ ተቀመጠ፤ ሌላም ተቀመጠ። ይገርማል፣ ማንም ቃል አልተናገረም። የሊዲያ ጓደኞች ለዮጋ የመጡ መስሎኝ ነበር። እንዲህ ያለ ጸጥታ ቤቴ ውስጥ ሰምቼ አላውቅም። ለመጀመሪያ ጊዜ አራቱም ስድስቱም ሳይዛቡ ቆጠርኩ፤ ደስታ ሁሉ ተሰማኝ። ከዚያ አጠገቤ አንድ ሰው ተንሰቀሰቀ።

ዓይኔን ገለጥኩ። ሳሎኑ ሞልቷል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። እትዬ አስቴር ደረቷን ይዛ «ወይኔ ታደለ! ወይኔ ወንድሜ!» አለች።

ታደለ ሞቷል። እነሱ ሰምተዋል። እኔ አልሰማሁም።

ጣቶቼ ደነዘዙ። ልቤ ሮጠ። ትንፋሽ አጣሁ።

«ማን ነገራችሁ?» አልኩ።

እትዬ አስቴር ዕንባዋን ጠረገች። «አንቺ ነሻ፣ ዘኒ።»

«እኔ ምን አልኩ?»

«መሬት ቁጭ ብለሽ አይደል ያገኘንሽ? እኛ ምን እንበል ታዲያ?»

ሁሉም እርስ በርሱ ተያየ። ቁም ሣጥኑን ከፍቼ ስልኩን አበራሁ። እስኪበራ ያለው ጊዜ አያልቅም። ደወልኩ። የደወልኩለትን ሰው አሁን ማግኘት እንደማልችል ተነገረኝ። ደግሜ ደወልኩ። ያው።

ከዚያ የማደርገው ጠፋኝ። ሌላ የማውቀው ነገር ስላልነበረ ተመልሼ ሰሌኑ ላይ ተቀመጥኩ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት» አልኩ፣ ጮክ ብዬ። እትዬ አስቴር ምን እንደማደርግ አልገባትም፤ ግን እጄን ይዛ አብራኝ ቆጠረች። ሌሎቹም ተከተሉ። ሰፈሩ በሙሉ አራት ድረስ አስገባ፣ ስድስት ድረስ አስወጣ። ልቤ ይሮጣል፤ እኔ አልተከተልኩትም። ስንት ጊዜ እንደቆጠርን አላውቅም።

ስልኩ ጮኸ። ታደለ ነው።

«ቡሌ ሆራ ገብቼ ኔትወርክ ገና ማግኘቴ ነው። የእድራችን ጸሐፊ ደውሎ ድምፄን ሲሰማ ዘጋብኝ። እኔ ሞትኩ እንዴ?»

አለቀስኩ። ሁሉም አለቀሰ፤ በኋላ ሁሉም ሳቀ። የእድሩ ጡሩምባ ሊነፋ ሲል ተከለከለ። ንፍሮው ግን በእትዬ አስቴር ቤት ተጥዶ ስለነበር ለማን እንደሆነ ሳይታወቅ ተበላ።

የሚቀጥለውን ቀጠሮዬን ጠብቄ ለሐኪሟ ስነግራት ዕንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፣ ከዚያም ኮስተር ብላ «አየሽ፣ ጡሩምባው እየተነፋ ቁጭ ማለት ቻልሽ፤ ሕክምናው ይኸው ነው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ መዳኑ ቀስ እያለ መጣ፤ አንዳንድ ሳምንት ወደ ኋላ ይመልሰኛል፣ አንዳንዱ ደግሞ ሕመሙን ረስቼው ያልፋል፣ መጀመሪያ የቆመ ሞተር ላይ ብቻ ተቀመጥኩ፣ ቀጥሎ እስከ ከተማው ጫፍ ሄድኩ፣ ቡናው መቅላት በጀመረበት ሰሞን ደግሞ ያንኑ ሾፌር ፈልጌ አሪቻ ድረስ ወጣሁ። መጀመሪያ ያስቆምኩት ቦታ ስንደርስ ጣቶቼ ደነዘዙ። ቀስ ብለህ ንዳ አልኩት እንጂ አቁም አላልኩትም።

እንዲህ ለሚሆንባችሁ የምለው ይህ ነው። ልባችሁን መጀመሪያ ሐኪም ይመርምረው። ኪኒኑን በራሳችሁ አታቋርጡ፤ እኔ አሁንም እወስዳለሁ። ስትቀመጡ ወንበር ይበቃል፣ ቀሚሳችሁም ጥቁር አይሁን። ከሁሉ በፊት ግን ለጎረቤት ንገሩ። ያቺን ሐኪምና አብሮኝ የቆጠረውን ሰፈር አመሰግናለሁ፤ ታደለንም፣ በሕይወት ስላለ።

እትዬ አስቴር አሁን ጠዋት ጠዋት ዱካ ይዛ ደጃፌ ላይ ትቀመጣለች። ዓይኔን ጨፍኜ ስቆጥር ለሚያልፈው ሁሉ የምትለው ይሰማኛል፦ «እለፍ፣ ማንም አልሞተም። እየተነፈሰች ነው።»